ጣሪያው የሚጣራ ከተማ፦ ስለ «ክራክዳውን» በሐዋሳ የተደረገ ንግግር

(ጌም መሥራት ለጀመሩና ለመጀመር ለሚያስቡ የሐዋሳ ወጣቶች የተደረገ ንግግር ነው፤ ለንባብ እንዲመች በጽሑፍ ቀርቧል።)

እንደምን አመሻችሁ? ሥራና ትምህርት ውላችሁ፣ ድካሙን ችላችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ የምገመግምላችሁ ጌም አሮጌ ነው። «ክራክዳውን» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2007 መጀመሪያ ላይ ኤክስቦክስ 360 ለተባለው የጌም ማጫወቻ ወጣ። እዚህ ከተቀመጣችሁት አንዳንዶቻችሁ ያኔ አፋችሁን እንኳ አልፈታችሁም። ይህን ሁሉ አዲስ ጌም ትቼ ወደ እሱ የተመለስኩበት ምክንያት አለኝ። ሰፊ ከተማ ውስጥ የሚካሄድ የሱፐርሂሮ የተኩስ ጌም ልሥራ የሚል ሰው አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ከተጫወትኳቸው ሁሉ ያን ጥያቄ በደንብ የመለሰልኝ ይህ ጌም ነው። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ ለተጫዋቹ ኃይል ስትሰጡት ከተማው ምን ይሆናል?

ብዙ ጊዜ ከተማው ይሞታል። ጀግናው ከበረረ በኋላ መንገድ ምን ያደርግለታል? ደረጃ መውጣት ለምን ያስፈልገዋል? እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን «ሴንትስ ሮው 4»ን የተጫወተ ሰው የምለው ይገባዋል። ጌሙ ደስ ይላል፣ ጨዋታ አዋቂ ነው። ነገር ግን ከመኪና የሚፈጥን ሩጫና ሕንፃ የሚያሻግር ዝላይ ገና በጊዜ ስለሚሰጥ፣ ያ ሁሉ የተለፋበት መኪና ዋጋ ያጣል። ማን ይነዳዋል? ከዚያ በኋላ ሰፈር ከሰፈር አይለይም፤ ተጫዋቹ ካርታው ላይ ምልክት አይቶ ይበራል፣ ይተኩሳል፣ ወደ ሌላ ምልክት ይበራል። ኃይሉ ከተማውን በላው ማለት ነው።

«ክራክዳውን» ይህን ችግር ከሥሩ ነው የፈታው። ታሪኩ አጭር ነው፦ ፓሲፊክ ሲቲ የምትባል ከተማ በሦስት ወሮበላ ቡድኖች እጅ ወድቃለች። ኤጀንሲው የተባለ ተቋም ሰውነታቸው በላቦራቶሪ የተሠራ ወታደሮች አሉት፤ እናንተ ከእነሱ አንዱ ናችሁ። አምስት ችሎታዎች አሏችሁ፦ ቅልጥፍና፣ ተኩስ፣ ጉልበት፣ ፈንጂና መኪና መንዳት። ችሎታ ሁሉ የሚያድገው በሥራ ነው። ተኩሳችሁ ከጣላችሁ ተኩሳችሁ ይሻሻላል፣ በቡጢና በእርግጫ ከጣላችሁ ጉልበታችሁ ይጨምራል፣ በፈንጂ ከሆነ የፍንዳታው ስፋት ያድጋል። ነጥብ ሰብስቦ ከሱቅ ችሎታ መግዛት፣ ሜኑ ከፍቶ ማከፋፈል የሚባል ነገር የለም። ያደረጋችሁትን ትሆናላችሁ።

ቅልጥፍና ግን ከሌሎቹ ይለያል፤ የጌሙም ነፍስ እሱ ነው። በከተማዋ ጣሪያዎችና ሰገነቶች ላይ 500 አረንጓዴ የብርሃን ሉሎች ተቀምጠዋል፤ ተጫዋቾች ኦርብ ይሏቸዋል። አንዱን በነካችሁ ቁጥር ቅልጥፍናችሁ ትንሽ ያድጋል፤ ቅልጥፍናው ሲያድግ ዝላያችሁም ይጨምራል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያለው ኦርብ ዝቅ ካለው የበለጠ ይሰጣል። እስቲ ይህችን ሕግ ልብ ብላችሁ አስቡባት። ለመዝለል ኦርብ ያስፈልጋል፤ ኦርብ ለማግኘት መዝለል ያስፈልጋል። ዛሬ የማትደርሱበት ጣሪያ ላይ የሚያበራው ኦርብ ነገ ትደርሱበታላችሁ፤ ስትደርሱበት ደግሞ ከዚያ ከፍ ያለ ሌላ ይታያችኋል። ማንም ሂዱ አላላችሁም። ዛፍ ላይ የበሰለ ማንጎ ያየ ልጅ የማንንም ትእዛዝ አይጠብቅም፤ ዓይኑ ካረፈበት እግሩ መንገዱን ይፈልጋል። ኦርቡም እንዲሁ ነው የሚሠራው።

በዚህ የተነሳ ኃይላችሁ ባደገ ቁጥር ከተማው እየሰፋ ይሄዳል። መጀመሪያ መንገዱን ብቻ ነው የምታውቁት። ከዚያ የአንደኛ ፎቅ በረንዳ መቆሚያ ይሆናል፣ የሱቅ መከለያ መወጣጫ ይሆናል። ትናንት ግድግዳ የነበረው ዛሬ መንገድ ነው። ጌሙን በጀመራችሁበት ቀንና ባበቃችሁበት ቀን ያለችው ከተማ በኮምፒውተሩ ዘንድ አንድ ናት፤ አንድ ጡብ አልተቀየረም። በእናንተ ዓይን ግን ሌላ ከተማ ናት። ብዙ ሠሪዎች ተጫዋቹን ለማስደሰት ካርታ ያሰፋሉ፣ አዲስ ደሴት ይጨምራሉ። የ«ክራክዳውን» ሠሪዎች ግን የዝላዩን ቁመት ብቻ ቀይረው ያንኑ ካርታ ደጋግመው አዲስ አደረጉት። ገንዘብና የሰው ኃይል ለሚያጥረን ለእኛ ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት አላውቅም።

ስለ ድምፁም ማለፍ የሌለብኝ ነገር አለ። ኦርቦቹ ድምፅ ያሰማሉ፤ ስትቀርቡ የሚጎላ፣ ስትርቁ የሚደክም የማያቋርጥ ጩኸት። ሰው ልትተኩሱ እየሮጣችሁ ሳለ ከአናታችሁ ይሰማችኋል፤ ቆማችሁ ወደ ላይ ታያላችሁ፤ ውጊያው ተረሳ። ሥዕል ዓይን ባለበት ብቻ ነው የሚሠራው፣ ድምፅ ግን ከጀርባም ይይዛል። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2007 በእንግሊዙ የባፍታ ሽልማት በድምፅ አጠቃቀም አሸንፏል፤ በአክሽንና አድቬንቸር ዘርፍም እንዲሁ። ከእናንተ ውስጥ ሙዚቃና ድምፅ የምትሠሩ ካላችሁ እባካችሁ ይህን በጆሮ ማዳመጫ አጥኑት። የጌም ድምፅ ማለት ከበስተጀርባ የሚከፈት ሙዚቃ ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እዚህ ድምፁ ራሱ መሪ ነው።

ከተማዋ የተሠራችበት አቀማመጥም በጣም የታሰበበት ነው። የመጀመሪያው ቡድን ሎስ ሙዌርቶስ የያዘው ሰፈር በባሕር ዳርቻ ላይ ነው፤ ቤቶቹም አብዛኞቹ ዝቅ ያሉ ናቸው። ሦስተኛው ቡድን ሻይ-ጄን ያለበት ግን በሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች የተሞላ ነው። በሁለቱ መሐል የሚመጣው የሁለተኛው ቡድን የቮልክ ሰፈር የፋብሪካና የወደብ መልክ አለው። የሕንፃው ቁመት ራሱ የጌሙ ሌቭል፣ ማለትም የክብደት ደረጃው ነው ማለት ይቻላል። ሁሉንም የሚበልጠው የኤጀንሲው ማማ ነው፤ ከየትም ሆናችሁ ይታያል። ጌሙ ያን ማማ ውጡ ብሎ ሚሽን (ተልእኮ) አይሰጥም። ጫፉ ላይ ለደረሰ ግን ስኬት ይመዘግብለታል። የወጣበት ሰው ስለ ጌሙ ሲያወራ ከየትኛውም ቦስ (ዋና ተፋላሚ ጠላት) በፊት የሚያነሳው ያን መውጣት ነው።

ነፃነቱ እውነተኛ ነው። ሦስቱ ቡድኖች እያንዳንዳቸው አንድ አለቃና ስድስት አዛዦች አሏቸው፤ በድምሩ 21 ቦስ። ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ የፈለጋችሁት ጋ መሄድ ትችላላችሁ። ትልቁን አለቃ መጀመሪያ ላግኘው ብትሉ ማንም በር አይዘጋባችሁም፤ የማሸነፍ ዕድላችሁ በመቶኛ ስንት እንደሆነ ብቻ ይነገራችኋል። መልማዩን አዛዥ ብትጥሉ የአለቃው ጠባቂዎች ይቀንሳሉ፤ መሣሪያ አቅራቢውን ብትጥሉ መሣሪያቸው ይደክማል። ማለትም አዛዥን መግደል ዝርዝር ላይ ምልክት ማድረግ አይደለም፤ ነገ የምትገቡበትን ውጊያ ዛሬ ማቅለል ነው። ከጠላት የወሰዳችሁትን መሣሪያ ተሸክማችሁ ወደ ኤጀንሲው ጣቢያ ካደረሳችሁት ደግሞ ለዘለቄታው የእናንተ ይሆናል። ይህችን ትንሽ ሕግ በጣም እወዳታለሁ፤ አንድ ሮኬት ማስወንጨፊያ ይዞ በሕይወት ለመመለስ የሚደረገው ሩጫ፣ ማንም ሳይጽፈው ራሱን የቻለ ታሪክ ይሆናል።

አሁን ወደ ጉድለቱ ልምጣ። ግምገማ ውዳሴ ብቻ ከሆነ ለሚሠራ ሰው አይጠቅምም።

ትንንሾቹን ቶሎ ልለፋቸው። ዒላማ የሚቆልፈው ሥርዓት እየተኮሰባችሁ ያለውን ሰው ትቶ ባዶ መኪና የሚይዝበት ጊዜ አለ። የሕንፃ ጫፍ መያዝ አንዳንዴ ይከዳል፤ ለረጅም ጊዜ የወጡትን ግድግዳ በአንድ ያልተያዘ ጫፍ ምክንያት ወርዶ እንደገና መጀመር ያናድዳል። ሚሽኖቹም ከመግደል በቀር የሚጠይቁት ጥቂት ነው።

ከባዱ ጉድለት ሌላ ነው። ሦስቱ ቡድኖች የተሳሉት በዘር ነው። አንዱ የላቲን አሜሪካ ሰዎች፣ አንዱ የምሥራቅ አውሮፓ ሰዎች፣ አንዱ የእስያ ስም ያለው ኩባንያ። ወንጀለኛ መሆናቸውን የምናውቀው በአነጋገራቸውና በመልካቸው ነው፤ ከዚያ የዘለለ ሰውነት አልተሰጣቸውም። እናንተ በዚህ አገር የምትኖሩ ወጣቶች ናችሁ። አንድን ሕዝብ በጅምላ ጠላት አድርጎ መሳል ምን እንደሚያስከትል ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ጌም ስትሠሩ ጠላት ያስፈልጋችኋል፤ ጠላቱን በሥራው አሳዩን። በስሙ፣ በቋንቋው፣ በመጣበት ቦታ አታሳዩን። በዚህ ነገር ላይ ለስላሳ መሆን አልችልም።

በመጨረሻው ላይ የሚገለጥ ነገር አለ፤ ጌሙ ከወጣ ዓመታት ስላለፉ ብነግራችሁ ቅር አትሰኙብኝም። ቡድኖቹን ከጀርባ ሆኖ ያበረታቸው ራሱ ኤጀንሲው ነው። ሕዝቡ በወንጀል እስኪማረር ተጠብቆ፣ ቁጥጥሩን ወዶ እንዲቀበል ተደርጓል። ሐሳቡ ኃይለኛ ነው። ግን የሚመጣው ሁሉም ካበቃ በኋላ፣ በአንድ አጭር ንግግር ነው። እስከዚያ ድረስ ጌሙ ንጹሕ ሰው ስትገድሉ ይቀጣችኋል፤ ችሎታችሁ ይቀነሳል፣ የራሳችሁ ፖሊሶች ያሳድዷችኋል። እንዲህ ያለ የሥነ ምግባር ሚዛን በእጁ እያለ፣ ኤጀንሲው ራሱ በዚያ ሚዛን ሲመዘን ለማየት ዕድል አይሰጠንም። ተጫዋቹ ከማማው ጫፍ ላይ ቆሞ ይህን ቢያውቅና እንዲመርጥ ቢደረግ ኖሮ ዛሬ ስለዚህ ጌም የምናወራው በሌላ ቋንቋ ነበር።

ተከታዮቹን በአጭሩ እነካለሁ። «ክራክዳውን 2» እ.ኤ.አ. በ2010 ወጣ፤ ያችኑ ከተማ አፍርሶ፣ ሌሊት ሌሊት ጭራቆች የሚወጡባት አድርጎ አቀረባት። ለአራት ሰው መጫወት ቻለ፣ የሚሸሹ ኦርቦችም ጨመረ፤ ይህ ጥሩ ነበር። ግን ቦሶቹን አወጣ። በቦታቸው ያስገባው አንድ ዓይነት ሥራ ቦታ እየቀያየረ የሚደጋገም ነው። ሦስተኛው እ.ኤ.አ. በ2014 ታወጀ፤ የወጣው በ2019 ነው። ሕንፃ ሁሉ በሩቅ ኮምፒውተሮች ስሌት እየተሰባበረ ይወድቃል ተብሎ ነበር፤ ያ ነገር በመጨረሻ የተገኘው ለብቻው በተለየው የኦንላይን ፍልሚያ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። ዋናው ጌም የ2007ቱን ጌም በአዲስ ቀለም የደገመ ነው የሚሉት ሰዎች ብዙም አልተሳሳቱም። እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። ዝላይን ቀስ በቀስ እንዲያድግ ያደረገው ትዕግሥት በሦስተኛው ላይ ሳስቷል፤ ገና በጊዜ ብዙ ይሰጣችኋል።

እዚህ ላይ ስለ እኛ ከተማ ጌም ቤቶች ላንሳ፤ ነገሩ ከግምገማው ጋር የተያያዘ ነውና። ሐዋሳ ውስጥ ጌም የተማርነው አብዛኞቻችን በጌም ቤት ነው። ጌም ቤት ደግሞ የሚከፈለው በጨዋታ ወይም በሰዓት ነው። እግር ኳስ ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ሁለት ሰው ይቀመጣል፣ የተሸነፈ ይነሳል፣ ቀጣዩ ይገባል። ሰፊ ከተማ ያለው ጌም በዚህ ሒሳብ ይከስራል። መጀመሪያው ረጅም ፊልም ነው፣ ከዚያ ማስተማሪያ፣ ከዚያ እንደገና ፊልም። ልጁ የከፈለበት ሰዓት አንድ ጥይት ሳይተኩስ ያልቃል። ለዚህ ነው ብዙ ጎበዝ ተጫዋቾቻችን ከጂቲኤ (ግራንድ ቴፍት ኦቶ) በቀር ይህን ዓይነት ጌም በቅጡ የማያውቁት። የፍላጎት ማጣት አይደለም፤ የአከፋፈሉ ጉዳይ ነው።

«ክራክዳውን» ከዚህ አንጻር ጨዋ ጌም ነው። ወዲያው ከጋራዥ መኪና አስመርጦ ወደ ከተማው ይለቃችኋል። ግማሽ ሰዓት ብቻ ያለው ልጅ ጥቂት ኦርብ ሰብስቦ፣ ቁመቱ ሲጨምር በእጁ ተሰምቶት ይነሳል። ሁለት ኤክስቦክስ በገመድ አገናኝቶ አብሮ መጫወትም ይቻላል፤ አንዱ ለሌላው መኪና አንስቶ ሲወረውር የሚነሳውን ሳቅ አስቡት። እናንተ ለዚህ ከተማ ልጅ ጌም ስትሠሩ ይህን ሒሳብ ከመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛችሁ ላይ አስቀምጡት። ልጁ ያለው ጊዜ ስንት ነው? ስልኩ የማን ነው? ቻርጁ ስንት ይቆያል?

አሁን ይህን ጌም የሠሩት ሰዎች የት እንደነበሩ ልንገራችሁ። ሪልታይም ዎርልድስ ይባላሉ፤ ከተማቸው ስኮትላንድ ውስጥ ያለችው ዳንዲ ናት። ዳንዲ ወደ 150 ሺህ ሰው የሚኖርባት ከተማ ናት፤ ከሐዋሳ ታንሳለች። ድሮ የምትታወቀው በጆንያ ክር ፋብሪካዎቿ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በከተማዋ የነበረው የታይሜክስ ፋብሪካ ዜድኤክስ ስፔክትረም የተባለውን ርካሽ የቤት ኮምፒውተር መገጣጠም ጀመረ። የሠራተኛው ልጆች ኮምፒውተር አገኙ፣ ፕሮግራም መጻፍ ለመዱ። ከፋብሪካው ሠራተኞች አንዱ ዴቪድ ጆንስ ነበር፤ ከሥራ ሲቀነስ በተከፈለው ገንዘብ አሚጋ ኮምፒውተር ገዛ። ኋላ የመሠረተው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 «ሌሚንግስ» የተባለውን ጌም፣ በ1997 ደግሞ የመጀመሪያውን «ግራንድ ቴፍት ኦቶ» ሠራ። አዎ፣ ጂቲኤ የተወለደው እዚያ ነው። በዚያው በ1997 የከተማዋ አበርቴይ ዩኒቨርሲቲ ጌም ሥራን በዲግሪ ማስተማር ጀመረ። «ክራክዳውን»ም የእነዚሁ ሰዎች ተከታይ ሥራ ነው።

ይህን ስነግራችሁ ሁላችሁም ነገ ሀብታም ትሆናላችሁ ለማለት አይደለም። ሪልታይም ዎርልድስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2010 ቀጣይ ጌሙ ሳይሳካለት ሲቀር ተዘግቷል፤ ብዙ ሰው ሥራ አጥቷል። ሥራው ይህን ያህል አስጊ ነው። ልል የፈለግሁት ሌላ ነው፦ ዳንዲን የጌም ከተማ ያደረጋት መሣሪያው በልጆች እጅ መግባቱ ነው። ዛሬ ጎዶትን የመሰለ የጌም መሥሪያ በነፃ ይወርዳል፤ ዋናው እንቅፋት ላፕቶፑ ነው። ስለዚህ ላፕቶፕ ያለው ሰው ለሌለው ያካፍል፤ ተራ ግቡ። ዩኒቨርሲቲያችሁ የኮምፒውተር ክፍሎቹን ማታ ማታ እንዲከፍትላችሁ በግልጽና በትሕትና ጠይቁ።

ሐዋሳን በጌም ውስጥ እናስገባት ያላችሁኝ ልጆች አላችሁ፤ ሐሳቡ በጣም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ፓሲፊክ ሲቲን አትቅዱ። ሐዋሳ ሜዳ ናት። ሕንፃ እየወጡ ማደግን ዋና ነገር ብታደርጉት ታቦር ተራራ ላይ ስትደርሱ ጨዋታው ያልቅባችኋል። ታቦር ለእናንተ የኤጀንሲው ማማ ሊሆን ይችላል፦ ከየትም የሚታይ፣ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ሐይቁም ከተማውም ባንድ ዓይን የሚገባበት። የሚያድገው ችሎታ ግን ከቦታው ይምጣ። ውኃ አላችሁ። ከፍቅር ሐይቅ ጀምሮ እስከ አሞራ ገደል ያለውን ዳርቻ አስቡት፤ ጀልባው፣ መረቡ፣ ዓሣ ገበያው፣ ከዛፍ ዛፍ የሚዘልለው ጉሬዛ፣ ሰው መሐል የሚመላለሰው አባ ኮዳ። ጀግናችሁ መጀመሪያ ዳር ዳሩን ብቻ መዋኘት ይችል፤ ትንፋሹ ባደገ ቁጥር ሐይቁ ይስፋለት። በተኩስ ፈንታ ምን ይሁን የሚለውን ለእናንተ እተወዋለሁ፤ ተኩስ ካስገባችሁም ቅድም ስለ ጠላት የተናገርኩትን ያዙ።

ይህን ሁሉ ከመሥራታችሁ በፊት ግን አንድ ትንሽ ሥራ እሰጣችኋለሁ። ከተማ አትሥሩ። አንድ ሕንፃ ብቻ ሥሩ፤ ሳጥን ቢሆንም ግድ የለም፣ ቀለም አያስፈልገውም። አምስት መቆሚያ ይኑረው፤ እያንዳንዱ መቆሚያ ላይ አንድ ኦርብ፣ ለእያንዳንዱ ኦርብ አንድ ድምፅ። ዝላዩ በአንድ ኦርብ ምን ያህል እንደሚጨምር ቁጥሩን እየቀያየራችሁ፣ ጌም ለማያውቅ ሰው፣ ለታናሽ እህታችሁ ወይም ለጎረቤት ልጅ ስጡት። ምንም አታስረዱ። ወደ ላይ ካየና ያለ ትእዛዝ መውጣት ከጀመረ ቁጥሩን ጻፉት። ካልወጣ ኦርቡን ዝቅ አድርጉት፣ ድምፁን ከፍ አድርጉት፣ እንደገና ስጡት። በሚቀጥለው ስንገናኝ የእያንዳንዳችሁን ሳጥን ተራ በተራ እንጫወተዋለን። አሁን ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።